ለጋሽ መርዳሳ መምቻ ምን ይጨመርለት?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወደ ምግቡ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ከባድ ማስታወቂያ አለኝ። የቆማችሁ ተደገፉ፣ የተቀመጣችሁም ልባችሁን አጽኑ። በቁልፍ መምቻ ክፍል፣ በቁጥር አራት ማሽን እጀታ ላይ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ተጠምጥሞ የኖረው ጨርቅ ዛሬ ጠዋት ከቦታው ጠፍቷል። ጨርቁ ዕድሜው የገፋ፣ ቀለሙ ለማንም የማይታወቅ፣ ሽታው ግን ከሩቅ የሚታወቅ ነበር። ጥበቃችን አቶ ገርባ የወጣውን ሁሉ ሲፈትሽ ውሏል። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ሲሆኑ አንደኛው አሁን እያናገራችሁ ነው።

ደክሞኛል፤ እናንተም ደክሟችኋል። ከፈረቃ ወጥቶ በዚህ ሙቀት ንግግር መስማት በራሱ ትርፍ ሰዓት ነው። ኬኩ እንኳ ደክሞት ወደ አንድ ጎኑ ተኝቷል። ስለዚህ አሳጥራለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ የጥራት ተቆጣጣሪ ሲያሳጥር ታይቶ አይታወቅም።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ መርዳሳ በዚያ በር ሲገቡ ጆንያ ተሸክመው ነበር። የመጡት ከመቂ ነው፤ እዚያ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጡ ፓምፖችን ይጠግኑ ነበር። ገርባ ጆንያውን አየና እጁን ዘረጋ።

«ሽንኩርት አንገዛም!»

«ሽንኩርት አይደለም፤ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«ቲማቲምም አንገዛም!»

«መካኒክ ነኝ እኮ፣ ወንድሜ።»

«መካኒክ ከሆንክ ጆንያህ ለምን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል?»

ጆንያው ተፈታ። ግማሹ ካቻቢቴ፣ ቺያቤና መዶሻ ነው። ሌላው ግማሽ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሽንኩርት ነበር። «ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም» አሉ ጋሽ መርዳሳ። ያን ሳምንት የክበባችን ወጥ ጣፈጠ። ገርባ ግን ሰውዬው መካኒክ መሆናቸውን እስከ ዛሬ ከልቡ አላመነም፤ ጠዋት ሲገቡ ሲያይ «ሽንኩርቱ መጡ» ነው የሚለው።

የዚያኑ ዕለት ቁጥር አራት ላይ ተፈተኑ። ከቤተሰብ ለመጣችሁ እንግዶች ላስረዳ፤ መምቻ ማለት እጀታ ያለው ብረት ነው። ከላይ ሻጋታ፣ ከታች ሻጋታ፣ መሃል ጨርቅ። እጀታውን ወደ ታች ስትስቡት ያንን ጠቅ የሚለውን ቁልፍ ከጃኬቱ ላይ ይነክሰዋል። አንድ ስበት፣ አንድ ቁልፍ። ጋሽ መርዳሳ ስድስት ቁልፍ መቱ። እኔ ከአንገቴ ላይ ሜትሬን አውርጄ ለካሁ።

«ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። አያልፍም» አልኩ።

«ሜትርህን አሳየኝ» አሉ።

«ሜትር ያያል እንጂ አይታይም» አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ፤ ሥልጣኑም አዲስ ነበር።

ጃኬቱ ተጣለ። ጋሽ መርዳሳ ከወለሉ አነሱት፣ አራገፉት፣ ለበሱት። ዛሬም ለብሰውታል። እዩት፤ በዚህ ሙቀት፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው! በየበዓሉ እንኳን አደረሰህ ሲሉኝ ያንን ጃኬት ጎተት አድርገው «ሜትሩ ደህና ነው?» ይሉኛል። እኔም «ደህና ነው» እላለሁ። ሁለት ሚሊሜትር መሳታቸው በመዝገብ የተረጋገጠ ሐቅ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት አልቀበልም።

ጋሽ መርዳሳን ጠዋት ሰላም ማለት ከባድ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ማሽኖቹን ነው ሰላም የሚሉት። ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው እጀታውን ቀስ ብለው ያወርዱታል፤ የውስጡን ሞላ ድምፅ ያዳምጣሉ። በዚያ ሰዓት «እንዴት አደሩ» ያለ ሰው ጣት ይነሳበታል። ማሽኑ ደህና ማደሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የእኛ ተራ የሚደርሰው። አንድ ቀን በቁጥር ሁለት የምትሠራው ፎዚያ ተናዳ ከማሽኗ ኋላ ጎንበስ ብላ «ራሴን አሞኛል፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ዘይት ይፈልጋል» ብለው ሊያመጡ ሄዱ።

የማይወዱትን ሐሳብ ደግሞ በአንዲት ቃል ነው የሚገድሉት፦ «ሚቲ!» በኦሮምኛ አይደለም ማለት ነው፤ በሳቸው አፍ ግን አይደለም ብቻ አይደለም። ስብሰባው ተበትኗል ማለትም ነው። ሥራ አስኪያጅ ተናግሮ «ሚቲ» ሲባል አይቻለሁ። እኔማ ስንት ጊዜ።

ቶሌራ ገና እንደተቀጠረ፣ ይኸው ዛሬ ወንበራቸውን የሚረከበው ቶሌራ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ዘመናዊ ነገር ያስፈልገዋል» አላቸው።

«ምን ያስፈልገዋል?»

«ብዙ ነገር።»

«የጠየቀህ ማሽኑ ነው ወይስ ስልክህ?»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ምስማር መቱ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሥራ ባቆምን ቁጥር ከወለሉ ብጣሽ ጨርቅ አንስተን እንሰቅላለን። ብርሃን አንሶን ካቆምን ቀይ። ክንዳችን ዝሎ ካቆምን ሰማያዊ። ቁልፍ ወድቆ ከጠረጴዛ ሥር ስንዳክር ካቆምን አረንጓዴ። ዓርብ ይቆጠራል። የበዛው ቀለም መፍትሔ ያገኛል፤ የቀረው ይጠብቃል። «ለማሽን የሚጨመረው ዓይን የወደደው አይደለም፤ ሥራ ያስቆመው ነው» ይላሉ። ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ለማወቅ የፈለገ ምስማር ያምጣልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት የራሳቸውን መምቻ ገዙ። ወንጂ ውስጥ ከተዘጋ ልብስ ስፌት ቤት የተገኘ፣ የዛገ፣ ከባድ፣ እንደሳቸው ግትር የሆነ ብረት ነው። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ሆነው፣ እስከዚያም ማታ ማታ የሰው ልብስ ሊሠሩበት ነው። በባጃጅ አመጡት። አቧራ እንዳይነካው ጋቢያቸውን አልብሰው ከጎናቸው አስቀመጡት። ሾፌሩ በመስታወት አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ እናትዎ ናቸው?»

«አይደለም።»

«እግዜር ይማራቸው። አይዞዎት፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

ጋሽ መርዳሳም ቀስ ተብሎ መነዳቱን ይፈልጉት ስለነበር «አሜን» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ክፍል ሰው ዕረፍት አጣ። የምሳ ሰዓታችን የምክር ቤት ስብሰባ ሆነ። አጀንዳው አንድ ነው፦ የቤቱ መምቻ ምን ይጨመርለት? ሰው በሌላ ቦታ ስለ ኳስ ያወራል፤ እኛ ስለ አንድ እጀታ ሦስት ዓመት አወራን። ደከመን ስንል ጋሽ መርዳሳ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ሹካውን እጀታ፣ ዳቦውን ሻጋታ አድርገው እንደገና ያስረዱናል።

በመጀመሪያ ቶሌራ ቆጣሪ ይጨመር አለ። ጋሽ መርዳሳም ምስማሩን ረስተው፣ አዎ፣ ሕግ አውጪው ራሳቸው ሕግ ጥሰው፣ ቆጣሪ ገጠሙ። እጀታው በወረደ ቁጥር ቁጥሯ ትዘላለች። ደስ ትላለች። በጣም ደስ ከማለቷ የተነሳ ዓይናቸው ከቁጥሯ አልነሳ አለና በአርባ ሰባተኛው ስበት የሸሚዛቸውን እጅጌ ከሰው ጃኬት ጋር አጣበቁት። ባለቤታቸው እትዬ ውዴ እንደነገሩን፣ ጃኬቱን እንዳንጠለጠሉ ጓዳ ገቡ።

«ውዴ፣ ተያዝኩ።»

«በማን?»

«በራሴ።»

ቆጣሪዋ ተፈታች። አሁን የጎረቤት ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይቆጥሩባታል፤ በዚያ ሥራዋ ቅሬታ ቀርቦባት አያውቅም።

ከቆጣሪዋ በኋላ ወደ ምስማሩ ሕግ ተመልሰው ቤታቸውም ግድግዳ ላይ አንድ መቱ። ቀዩ በዝቶ ተገኘ። ከወደቀ ባጃጅ የተፈታ የፊት መብራት በባትሪ አገናኝተው ከሻጋታው በላይ አቆሙት፤ መብራት ቢሄድም ባይሄድም እጃቸውን ያያሉ። ቀይ ብጣሽ በሳምንቱ ከምስማሩ ጠፋ። አረንጓዴው ደግሞ በፎዚያ ምክር ነው የጠፋው፤ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጠው ከሥሩ አስቀመጡ፣ የወደቀ ቁልፍ እዚያው ይወድቃል። በዚህ ሁሉ ምርምር ከተገኙት ማሻሻያዎች ትልቁ የጀሪካን ቂጥ ሆነ ማለት ነው። ቶሌራ አንድ ሳምንት አኮረፈ።

እጀታውን ማስረዘምም ተሞክሯል። የውሃ ቱቦ ቀጠሉበት። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ እጀታ ሲረዝም ክንድ ይቀለዋል። እጀታው ረዘመ፤ ክፍሉ ግን ባለበት ቀረ። ወደ ላይ ሲመለስ ቁምሳጥን መታ። ቁምሳጥኑ የእትዬ ውዴ ነው። ስለዚህ ቱቦው ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ቀልዴም ትንሽ ይደክማል።

እጀታው መርዘም ያስፈለገው በትከሻቸው ምክንያት ነው። ቀኝ ትከሻቸው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሸሚዛቸውን ሲለብሱ ግራ እጃቸው ቀኙን እንደ ሕፃን ሲያነሳው ያላየ ሰው እዚህ የለም፤ አይተን ዞር እንላለን እንጂ። ሐኪሙ «ይሄ ትከሻ ሥራውን ጨርሷል» አላቸው። ለፎዚያ ምን እንዳሏት ታውቃላችሁ? «ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ከጀመርኩ፣ ልጄ፣ እኔን ዝገት ለመብላት አንድ ሳምንት ይበቃዋል።»

ስለዚህ የስጦታ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር እኔ፣ አባላት ፎዚያና ቶሌራ። የምንሰጠው አንድ ነገር ነው፤ ያ ነገር ትከሻቸውን ሳይጨርስ ሊያሠራቸው ይገባል። ከተሳሳትን ሰውዬው ግድግዳ ያያሉ። አስራ አንድ ጊዜ ተሰበሰብን።

ቶሌራ፦ «ሞተር! አንዴ ተጭነው ነው፣ ያለ ድካም።»

ፎዚያ፦ «ሞተር ጣት ይበላል።»

ቶሌራ፦ «መከላከያ አለው።»

ፎዚያ፦ «እጅጌውን ከሰው ጃኬት ጋር ላጣበቀ ሰው?»

ራሳቸውን በዘዴ እንጠይቃቸው ተባለ። በምሳ ሰዓት «ለመሆኑ ጋሼ፣ ሞተር ስለሚባል ነገር በአጠቃላይ ምን ያስባሉ?» አልኳቸው። «ሚቲ» አሉ። «እጀታ እጅህ ላይ ስላለ እጅህ የት እንዳለ ያውቃል። ሞተር አይጠይቅህም።» ሆኖም በአስራ አንደኛው ስብሰባ እኔ ለሞተሩ ድምፅ ሰጠሁ። አምኜበት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። በድካም የጸደቀ ነገር በዚህ ዓለም የመጀመሪያው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ወር፣ ዓመት ፈቃድ ላይ እያሉ፣ የሞተሩን ልክ ልንወስድ ሦስታችን ቤታቸው ሄድን። እሳቸው ለትከሻቸው ክሊኒክ ሄደው ነበር። እትዬ ውዴ አስገቡን። መምቻው በመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ንጹሕ፣ ዘይት የጠጣ፣ ጀሪካኑ ከሥሩ። ከጎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ምስማሩ። ቀይ የለም። አረንጓዴ አንድ። ሰማያዊ አራት። ከዚያ ጥቁር። ጥቁር ብጣሽ ምስማሩን ሞልቶ፣ ሌላ ምስማር ተመቶለት፣ እሱንም ሞልቶ ነበር።

በሕጋችን ውስጥ ጥቁር የሚባል ቀለም የለም። ፎዚያ ጠየቀች፦ «እትዬ፣ ጥቁሩ የምንድን ነው?»

«እኔን አትጠይቁኝ!» አሉ እትዬ ውዴ። «የለቅሶ ቀሚሴን ቆርጦ ጨረሰው። አሁን ሰው ቢሞትብኝ ምን ልልበስ?»

«አልነገሩዎትም?»

«ኧረ ስንቴ ጠይቄዋለሁ። አንዱን መትቶ ሲጨርስ ጃኬቱን ወደ በሩ አንስቶ ይይዘዋል። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ያወርደውና ጥቁር ይሰቅላል። ‹ማንን ነው የምትጠብቀው?› ስለው፣ ‹አያልፍም የሚለኝን› አለኝ።»

ቶሌራ የሞተሩን ልክ የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፎዚያ ምስማሩን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ምስማሩን አየች።

«ሐዲስ፣ የበዛው ቀለም ነው መፍትሔ የሚያገኘው።»

«እኔ መለዋወጫ አይደለሁም» አልኳት።

«ሚቲ» አለችኝ። ፎዚያ! ከማን እንደተማረችው እናውቃለን።

ጋሽ መርዳሳ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። ወደ ጣሪያው አይመልከቱ፤ እዚህ ነኝ።

ፎዚያ ወልዳ ስትመለስ ቆማ መሥራት አቅቷት ነበር። ማንም ሳያዝዎት የማሽኗን ማቆሚያ ቆርጠው ዝቅ አደረጉላት፣ ተቀምጣ እንድትሠራ። ለአለቃ ሲያስረዱ «ብረቱ ዝጎ ነው» አሉ። ቶሌራ በመጀመሪያ ወሩ ሻጋታ ሲሰብር «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብለው ማስጠንቀቂያውን በስምዎ ወሰዱ። እሱ ይህንን እስከ አሁን የማያውቅ ይመስልዎታል። ያውቃል። በዚያ ጥግ ዓይኑን እያሻሸ ያለው በሙቀቱ አይደለም።

የኔን ደግሞ እኔ ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ዓይኔ መድከም ጀመረ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዓይኑ የደከመ ተቆጣጣሪ ጥርሱ እንደወለቀ ውሻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ስገባ በስድስቱም ማሽን ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል፤ ከየት ጀምሬ እንደምለካ የሚያሳይ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩዎት። «ጌጥ ነው» አሉኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት «አያልፍም» ሲልዎት ለኖረ ሰው፣ በደንብ እንዲያይ መስመር አሰመሩለት። ደክሞዎት ነበር፤ ትከሻዎም አልነሳ ብሎ ነበር፤ ግን በግራ እጅዎ ቀቡት። መስመሩ ጠመም ማለቱን አይቻለሁ። እሱንም አሳልፌዋለሁ። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።

የኮሚቴው ውሳኔ እንግዲህ እንዲህ ነው። ሞተሩ ተሰርዟል። ሰማያዊው አራት ብቻ ስለሆነ በሕግዎ መሠረት መጠበቅ ነበረበት፤ ትከሻ ግን ስለማይጠብቅ ሕጉን ጥሰናል። ቶሌራ ከተጣለ የስፌት መኪና ላይ ፔዳል ሠርቶልዎታል። ከእጀታው ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ እግርዎ ይጫናል፣ እጅዎ ጨርቁን ብቻ ይይዛል፣ ትከሻዎ ያርፋል። የጠፋው የቁጥር አራት ጨርቅም አብሮት አለ፤ ገርባ፣ ፍተሻው ይቁም። ፎዚያ አጥባ ልትሰጥ ነበር፣ እኔ ከለከልኳት፤ ከታጠበ ምን ይቀረዋል? ለጥቁሩ ደግሞ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ወደ በሩ ሲያነሱት እዚያ እቆማለሁ። ካልሆነ «አያልፍም» እላለሁ፤ አልራራልዎትም። የእትዬ ውዴን ቀሚስ ለመተካት ግን ኮሚቴው አቅም የለውም።

ምን አሉ? «ሜትሩ ይምጣ» ነው የሚሉት። ይመጣል፣ ጋሼ። አንድ ደቂቃ።

እስቲ ብርጭቋችሁን አንሱ። ቢራ የያዘ ቢራውን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን፣ ውሃ የያዘም አይፈር፤ በዚህ ሙቀት ብልሁ እሱ ነው። ጋሽ መርዳሳ፣ ለትከሻዎ ዕረፍት፣ ለእግርዎ ሥራ ይስጥልን። ሞላዎ አይላላ፣ ሻጋታዎ አይሳት። እትዬ ውዴ፣ ቁምሳጥንዎ በሰላም ይኑር፤ ጥቁር ልብስም አያስፈልግዎት። ዝገት ቤታችሁን አይወቅ። ገላቶማ፣ ጋሼ፤ እናመሰግናለን። ለጤናዎ!

ጠጡ፣ ጠጡ። እየጠጣችሁ ይህችን ስሙኝ፤ ለመዝገብ ነው።

እርማት። በዚህ ንግግር መጀመሪያ ላይ አቶ መርዳሳ በተቀጠሩበት ዕለት «ሁለት ሚሊሜትር ስተዋል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ነው። በዕለቱ ለመለኪያ የዋለው ሜትር ጫፉ ሁለት ሚሊሜትር ተበልቶ ነበር። ሜትሩ በቀጣዩ ወር በአዲስ ተተክቶ በመሳቢያ የቀረ ሲሆን፣ የጥራት ተቆጣጣሪው በ2003 ዓ.ም. መሳቢያውን ሲያጸዳ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያይቶ ጉድለቱን አረጋግጧል። እርማቱ አስራ አራት ዓመት የዘገየው በተቆጣጣሪው ድፍረት ማነስ ምክንያት ነው። ሜትሩ ከዛሬ ጀምሮ ለባለጉዳዩ እንዲታይ ተፈቅዷል፤ ይኸው፣ ጋሼ፣ ይያዙት። በመሆኑም በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አያልፍም የተባለው፣ አሁን ባለቤቱ ለብሰውት የሚገኘው ጃኬት አልፏል።